ጅማ ላይ ለጂ+1 ቤት አርክቴክት ልቀጥር ነው፤ ዋጋውም ውሉም ግራ አጋባኝ

የቦሳ ልጅ

ሰላም ናችሁ የጅማ ልጆች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቦሳ ቂጦ በኩል 250 ካሬ ቦታ አለን። ካርታው በእማዬ ስም ነው። ያለው የጭቃ ቤት እያዘመመ ስለሆነ አፍርሰን ጂ+1 ልንሠራ ነው። ከታች ለኪራይ ሁለት ሱቅ፣ ለእማዬ ደግሞ አንድ መኝታ ከነመታጠቢያው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ከላይ እኔ ከነቤተሰቤ። ገንዘቡን በብዛት የሚልከው ውጭ ያለው ወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ "ያለ አርክቴክት አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጥ" ብሎኛል።

ሦስት ሰው አነጋገርኩ። አንደኛው 40 ሺህ ብር ብሎ፣ በሁለት ሳምንት ፕላኑን ማኅተም አስመትቼ አስረክብሃለሁ አለኝ። ሁለተኛው ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ነው፤ 150 ሺህ ጠይቆ ቁጥጥር ግን አይጨምርም አለ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ያለ የዘመድ ወዳጅ ነው። እሱ ቁርጥ ዋጋ የለኝም፣ ከግንባታው ጠቅላላ ወጪ 4 በመቶ ነው የምወስደው ይላል።

የ40 ሺውን ውል አየሁት። አንድ ገጽ ናት። "ውል ተቀባይ የዲዛይን ሥራ ይሠራል፣ ውል ሰጪ ግማሹን ቀብድ ይከፍላል" ከሚለው ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም።

ለመሆኑ የዲዛይን ሥራ ሲባል ምን ምን ያካትታል? ግማሹን ቀድሞ መክፈልስ የተለመደ ነው? ለአንድ ቤት ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት ከየት መጣ? የሠራችሁም ያሠራችሁም ንገሩኝ እስኪ። ሰፈር ውስጥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "እኔ የማውቀው ልጅ አለ" ነው የሚለኝ።

መስመር በመስመር

ወንድሜ፣ ሙያው ውስጥ ስላለሁ በግልጽ ልንገርህ። ዋጋውን ለጊዜው ተወውና ሦስቱንም ይህን ጠይቃቸው፦ በመጨረሻ የምታስረክበኝ ሥዕል ምን ምን ነው? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል። ያኔ 40 ሺና 150 ሺ የአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ እንዳልሆኑ ራስህ ታየዋለህ።

የአርክቴክቸሩ ሥዕል የወለሉን አቀማመጥ፣ ቤቱ በአራቱም አቅጣጫ የሚኖረውን ገጽታ፣ ሴክሽኑን (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ)፣ ጣሪያውን፣ የበርና የመስኮቱን ዝርዝር ያሳያል። ሰው ብዙውን ጊዜ "ፕላን" የሚለው ይህንን ብቻ ነው። የስትራክቸሩ ሌላ ነው። ፉቲንጉ (የመሠረቱ እግር) ስንት በስንት እንደሚቆፈር፣ ኮለኑና (ምሰሶው) ሶሌታው (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ውስጥ ስንት ቁጥር ፌሮ በስንት ሳንቲም ርቀት እንደሚታሰር እሱ ላይ ነው የምታገኘው፤ ከነስሌቱ ነው መረከብ ያለብህ። የውሃና ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክም ለየብቻቸው ናቸው። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራም። ታዲያ መሐንዲሶቹን አርክቴክቱ ከራሱ ክፍያ ነው የሚከፍላቸው ወይስ አንተ በኋላ ለየብቻ ልትጠየቅ ነው? የዋጋው ልዩነት አብዛኛው እዚህ ጋ ነው የተደበቀው። የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝሩም አለ፣ ቢኦኪው የምንለው። እሱ ከሌለህ ነገ ሦስት ኮንትራክተር ዋጋ ሲያመጣልህ ምኑን ከምኑ ታወዳድራለህ?

የ40 ሺውን ሰው አላውቀውም፤ ግን በዚህ ዋጋ የሚሆነውን አውቃለሁ። ካድ (በኮምፒውተር መሣያውን) የሚችል ልጅ ይሥላል፣ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ማኅተሙን ያሳርፍበታል፣ አለቀ። ማኅተም የሚያከራዩ ባለሙያዎች አሉ፤ ለሙያው ክብር ብዬ ልደብቅልህ አልችልም። ስለዚህ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ጠይቅ። ባለ ማኅተሙን በአካል አግኘው፣ የሙያ ፈቃዱን እይ፣ መታደሱንም ጭምር። ሊያገናኝህ ካቅማማ ወሬው እዚያው ያበቃል።

ደግሞ ጂ+1 ቀልድ አይደለም። አዋጅ 624/2001 ሕንጻን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ሲመድብ ምድሩን ጨምሮ ሁለት ወለልና ከዚያ በላይ የሆነውን ከምድብ ለ ነው ያስገባው። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወደ ሐ ይሄዳል። ምድብ ለ የተመዘገበ ባለሙያ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሳለው አያልፍም። ማዘጋጃ ቤት ሂድና አሁን የሚጠይቁትን የሰነድ ዝርዝር ቀድመህ ውሰድ፤ ለአርክቴክቱ ስትሰጠው ዋጋውም ያኔ ይጠራል።

4 በመቶውን በተመለከተ፣ በመቶኛ ማስከፈል ነውር የለውም፣ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። ግን ከየትኛው ወጪ ላይ? ሲሚንቶና ፌሮ በጨመረ ቁጥር የሱም ክፍያ አብሮ ይጨምራል፤ ሥራው ግን ያው ነው። መቶኛው በዲዛይን ጊዜ በተገመተው ዋጋ ላይ ይታሰርና በብር ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑንም አትርሳ፤ ለአንድ የቦታ ጉብኝት መጓጓዣውን፣ አልጋውን፣ አበሉን ማን ይችላል?

አፈሩ ላይ ደግሞ እለምንሃለሁ። ጅማ ውስጥ ኮቲቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ያለበት ሰፈር ብዙ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ያለውን ቤት አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። የአንዳንድ ግንብ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሰያፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው፤ ባለቤቱ ግን ኖራ እየቀባ "ግንበኛው ነው" ይላል። አፈሩን ሳያስመረምር ፉቲንግ የሳለልህ መሐንዲስ ገምቶ ነው የሳለው። ምርመራውን ማን እንደሚያስደርግና ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ።

ፎርማን ነኝ

ከላይ ያለው ወንድማችን ጥሩ ብሏል፣ ግን ለራሱ ሙያ አዳልቷል። እኔ አርክቴክት በደጁ ያላለፈ ስንት ቤት ሠርቻለሁ፣ ዛሬም ቆመዋል።

የዘንድሮ አርክቴክት ለፎቶ ነው የሚሥለው። 3ዲውን በስልክ ያሳይሃል፣ ያምራል፣ ጣሪያው ግን አይታይም። ለምን? በፓራፔት (በጣሪያው ዙሪያ ከፍ ብሎ በሚሠራ ግንብ) ደብቆታል። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ፋታ የለውም። ያ የተደበቀ አሸንዳ ቅጠል ይይዛል፣ ይሞላል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ኮርኒሱ ይበሰብሳል። ከዚያ ማን ይወቀሳል? ፎርማን! አባቶቻችን ጣሪያውን ከግድግዳው አውጥተው፣ በረንዳውን ሰፋ አድርገው የሠሩት ሞኝ ሆነው አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ካጠረህ አርክቴክቸሩ ላይ ቆጥብ፣ ስትራክቸሩ ላይ ግን አትቆጥብ። አንድ ነገር ግን አልክድም። ሶሌታ ሊሞላ ሲል መሐንዲስ መጥቶ ካላየ ስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) በ15 ሳንቲም የተባለው በ25 ይታሰራል። ሚክሰሩ መዞር ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማንም ፌሮ አይቆጥርም። አንተ ሲሚንቶና ሻይ ስታቀርብ ትውላለህ እንጂ ገብተህ አትለካም።

የሄርማታዋ

ፎርማን፣ የመጨረሻዋን ስለተናገርክ ይቅር ብዬሃለሁ።

የቦሳ ልጅ፣ እኔ ሄርማታ አካባቢ ጂ+1 አሠርቻለሁ፤ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚውል ሁሉንም የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ከአርክቴክቱ ጋር ከመዋዋላችን በፊት ቤት መጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ክፍል እንደምፈልግ አልነበረም። "ቡና የት ነው የምትቆዪው?" አለኝ። ጓሮ ነው አልኩት። ጭሱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ እንግዳ ሲበዛ የት እንደሚቀመጥ፣ በርበሬ የት እንደማሰጣ ሁሉ ጠየቀኝ። አሁን ያለችኝ የጓሮ በረንዳ ከዚያ ነው የመጣችው፤ ከሳሎን ይልቅ ቀኑን እዚያ ነው የምንውለው። ቦታህን ሳያይ፣ እናትህን ሳያናግር ዋጋ የቆረጠልህ ሰው ካለ እኔ ብሆን አልቀጥረውም። ለእናትህ የመታጠቢያ ቤቱ በር ስፋት፣ የመግቢያው ደረጃ ቁመት፣ መኝታዋ ከሱቁ ጫጫታ መራቁ ነው የሚያስፈልጋት፤ ይህንን ካድ አያውቀውም።

ውሉ ላይ ያስገባሁትንና የጠቀመኝን ልንገርህ። ስኬቹን (የመጀመሪያውን ረቂቅ ሥዕል) ስንት ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስተካክልልኝ አጻፍኩ። እኛ አሠሪዎችም ሐሳባችንን እንደ ነጠላ ነው የምንገለብጠው፣ እውነቱን እንነጋገር። ተስማምተን ስኬቹ ላይ ከፈረምኩ በኋላ የምቀይረው ግን በክፍያ ነው፤ እሱም ተጽፏል፤ ይህ እኔንም ሥርዓት አስያዘኝ።

ጉብኝቱን ደግሞ "በየጊዜው ይጎበኛል" ብለህ እንዳትተወው። "በየጊዜው" ማለት መቼም ማለት ነው፣ በጭራሽም ማለት ነው። እኛ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ሳይገባ፣ የሶሌታው ፌሮ ታስሮ ሳይሞላ፣ ጣሪያው እንጨቱ ቆሞ ቆርቆሮው ሳይመታ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩ ግድግዳው ሳይለሰን ብለን ለይተን ጻፍን። ከሁለት ቀን በፊት እደውልለታለሁ፣ እሱ ወይ መሐንዲሱ መጥቶ አይቶ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ሳይፈረም አይሞላም፣ ፎርማኑም ያውቃታል።

የመጨረሻ፣ ኮሚሽን። ፊኒሺንግ ላይ ስትደርስ "ሴራሚክ ከእገሌ ግዛ፣ አልሙኒየም በእገሌ አሠራ" የሚል ምክር ይመጣል። አንዳንዱ ቅን ምክር ነው፣ አንዳንዱ በጀርባ የሚከፈልበት ነው። አንድ ዘመዴ ላይ የደረሰውን አይቼ "ባለሙያው ከማንም አቅራቢም ሆነ ኮንትራክተር ጥቅም አይቀበልም" የሚል አንድ መስመር አስገብቻለሁ። ቅር ያለው አልነበረም። ቅር የሚለው ሰው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፣ ቀድሜ አውቀው ነበር።

የቦሳ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንዳላችሁት ጠየቅኳቸው።

የ40 ሺው "ስትራክቸር አለበት፣ ስሌቱን ግን ማንም አያየውም፣ ምን ያደርግልሃል" አለኝ። ባለ ማኅተሙን አገናኘኝ ስለው "ሰውየው ቢዚ ነው" ብሎ ስልኩን አልሰጠኝም። ባለ 150 ሺው ግን ተቀምጦ ጻፈልኝ፦ አርክቴክቸር፣ ስትራክቸር ከነስሌቱ፣ ሳኒተሪ፣ ኤሌክትሪክ ውስጡ አሉ፤ ቢኦኪው ለብቻው 20 ሺህ፤ የአፈር ምርመራው በእኔ ወጪ፤ ጉብኝት በአንድ ጊዜ 3 ሺህ። እውነት ለመናገር ጽፎ ሳየው ልቤ ወደ እሱ አደላ። እሱም ግን 50 በመቶ ቅድሚያ ነው የሚለው። ወንድሜ ደግሞ በቴሌግራም እየደወለ "ውሉን እኔ ልፈርም ወይ" ይለኛል። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ።

ጠበቃ ቢጤ

ፋይል ሲበላሽ የሚመጣው እኛ ጋ ስለሆነ ሳይበላሽ ልናገር።

መጀመሪያ ማን ይፈርም? ካርታው በእናትህ ስም ከሆነ የግንባታ ፈቃድ ጠያቂዋ እሷ ናት። ገንዘቡ የወንድምህ መሆኑ ይህንን አይለውጠውም። ወይ እናትህ ራሷ ትፈርም፣ ወይ ለአንተ ውክልና ትስጥህ። ውክልናው ላይ ፕላን ማስወጣት፣ ከባለሙያና ከኮንትራክተር ጋር መዋዋል፣ ፈቃድ መቀበል ተብሎ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ "ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽም" የሚል ጥቅል ውክልና አንዱ መሥሪያ ቤት ሲቀበለው ሌላው ይመልሰዋል። ወንድምህ ላኪ ነው፣ ደረሰኙን በሥርዓት ያስቀምጥ፤ ስለ ቤቱ ድርሻ ከፈለጋችሁ በቤተሰብ ለብቻው ተነጋገሩ። እሱን ከአርክቴክቱ ውል ጋር አታደበላልቁት።

ቀብድ የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አታስገቡት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ግማሹን ክፍያ ቀብድ ብለህ ሰጥተህ፣ ስኬቹን አይተህ ብትጠላው 75 ሺህ ብር ቁጭ አድርገህ ነው የምትወጣው። "ቅድሚያ ክፍያ" በሉት፣ ከጠቅላላው እንደሚታሰብም ጻፉ።

50 በመቶ በበኩሌ ይበዛል። ሲፈረም 20፣ ስኬቹ ሲጸድቅ 30፣ ሙሉው ሥዕል ማኅተም አርፎበት ስትረከብ 40፣ የመጨረሻው 10 ደግሞ ፈቃዱ ሲወጣ ብትሉት ሁለታችሁም አትጎዱም። ያቺ መጨረሻ ያለችው 10 በመቶ ዋጋዋ ትልቅ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት "ይህንን አስተካክሉ" ብሎ ሲመልስ ስልክ የሚነሳው በሷ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያዘው ማስተካከያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚሠራም በግልጽ ይጻፍ። እርግጥ አርክቴክቱም የራሱ ስጋት አለው፤ ስኬች ተቀብሎ በርካሽ ሌላ ሰው የሚያስጨርስ አሠሪ ሞልቷል። ውሉ መሃል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ ለሠራው እንደየደረጃው ይከፈለዋል በሉ፣ ለሁለታችሁም ፍትሐዊ ነው።

150 ሺው ቫትን ይጨምራል አይጨምርም? 15 በመቶ ማለት 22,500 ብር ነው፣ በኋላ "ለካ አልተነጋገርንም" የሚባልበት አይደለም። ደረሰኝ ይሰጣል ወይ ብለህም ጠይቅ።

ማስረከቢያ ቀኑ ይቆረጥ፣ አንተም ስኬቹን አይተህ መልስ የምትሰጥበት ቀን ይቆረጥ፤ ሰው ያን ይረሳል። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ቋንቋውንም አስቡበት፤ እዚህ መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠሩት፣ ውሉ በሁለቱም ከተጻፈ ልዩነት ሲመጣ የቱ ገዢ እንደሆነ ይለይ። ሌላው ኃላፊነት ነው። ሕጉ ሥራ ተቋራጩን ለሠራው ሥራ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ቤቱ ሲሰነጠቅ ግን ተቋራጩ "ሥዕሉ ነው"፣ ባለሙያው "አሠራሩ ነው" እየተባባሉ መሃል ላይ አንተን ያንገላቱሃል። ያኔ የሚያድንህ የሄርማታዋ ያለችው የተፈረመበት መዝገብና ማኅተም ያለበት ሥዕል ነው። እንዳይጠፋብህ።

የቦሳ ልጅ

ጠበቃ፣ ቀብዷን ባትነግረኝ ኖሮ ፈርሜ ነበር! እናመሰግናለን።

አንድ የቀረኝ፦ ወንድሜ የአዲስ አበባውን ሰው አልተወውም፣ "ታዋቂ ነው" ይለኛል። ሥዕሉን እሱ ሠርቶ ጉብኝቱን ባለ 150 ሺው ቢያደርገውስ?

መስመር በመስመር

ይቻላል፣ ግን ሥዕሉን የሳለውና የሚቆጣጠረው ሲለያዩ አንዱ በሌላው ላይ ያሳብባል። ቦታ ላይ አንድ ነገር መቀየር ሲያስፈልግ፣ ማስፈለጉ ደግሞ አይቀርም፣ የአዲስ አበባውን በስልክ ፈቃድ ስትጠይቅ ሠራተኛ ቆሞ አበል ይበላል። ወንድምህ የግድ ካለ፣ ያኛው ለማስተካከያ ጥያቄ በስንት ቀን እንደሚመልስ ያስጽፍ። ከተቻለ ግን አንድ ሰው ላይ ጣሉት። ወንድምህ ይረጋጋ ዘንድ የዚህኛውን የተሠሩ ቤቶች ሁለት ሦስቱን በቪዲዮ አሳየው። ቤቶቹን ስታይ ፊቱን ብቻ አትይ፣ ባለቤቶቹን አነጋግር፤ በተለይ ክረምት ሁለት ያለፈበትን ቤት።

ፎርማን ስለ ፓራፔት ያለው እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ውሃው ከጣሪያ ወርዶ በየት በኩል ከግቢ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሥዕል ጠይቅ።

ፎርማን ነኝ

አየህ፣ ተስማማን። የአፈሩን ጉድጓድ ግን አሁኑኑ አስቆፍር፣ ዝናቡ ከበረታ ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት ኩሬ ነው። ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር የተጠጋህ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከስርም ይመጣል፤ ሴፕቲክ ታንኩን የት እንደሚያስቀምጡት ከዚያ በኋላ ይወስኑ።

የሄርማታዋ

ስትረከብ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ አይደለም። ማኅተም ያረፈበት ስንት ኮፒ እንደሚሰጥህና የፕሪንቱን ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ፤ ትልልቁ ወረቀት ርካሽ አይደለም። አንዱ ለማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ለኮንትራክተሩ፣ አንዱ ሳይነካ ቤት የሚቀመጥ። የካድ ፋይሉንም በፍላሽ ስጠኝ በለው፣ ውሉ ላይ ካላስገባህ በኋላ ሌላ ዋጋ ይጠይቅበታል።